ሐይቁን ለሚያይ በረንዳ ጣውላ ይሻላል ወይስ ድንጋይ?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ባሕር ዳር ነው፣ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። የሳሎኑ በር ወደ ሰሜን ይከፈታል፤ ጣና በዛፎቹ መካከል ይታያል። የቤቱ ወለል ከግቢው 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ይላል። ከበሩ ፊት 4 በ6 ሜትር የሆነ የውጭ መቀመጫ ልናሠራ ነው። ፎቶ ላይ እንደማየው የጣውላ ዴክ ሆኖ ዙሪያው በመስታወት ቢታጠር ደስ ይለኛል። አናጢው የባሕር ዛፍ ጣውላ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ከተቀባ ዕድሜ ልክ ይኖራል ብሎኛል። ብረት በያጁ ደግሞ የሐይቁ አየር ብረት ስለሚበላ ስቴንለስ ካልሆነ አይሆንም ይላል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እናቴም አብራን ትኖራለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ከብረቱ ልጀምር። ያለ ምክንያት ብዙ ብር የሚያስወጣዎት እሱ ነው። ብረትን በጥቂት ዓመት የሚጨርሰው የባሕር ጨው ነው። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ጨው ያዘለው አየር ብረቱ ላይ ይቀመጣል፣ እርጥበት ይስባል፣ ዝገቱም አያቆምም። ጣና ግን ጨው የሌለው ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የቆየ የበረንዳ የብረት መደገፊያ ካገኙ ቀረብ ብለው ይዩት። መሀሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የበሰበሰው እግሩ፣ ወለሉን የነካበት ቦታ ነው። ሌላው የሚበላው ቦታ ብየዳው በደንብ ሳይጸዳ ቀለም የተቀባበት መገጣጠሚያ ነው። ጥፋቱ የሐይቁ አየር አይደለም፤ የክረምቱ ውሃ እዚያ ቦታ ላይ ተቋጥሮ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ተራ ብረት ይበቃዎታል።

ስቴንለስ ከወደዱም ዝም ብለው አይግዙ። ርካሹ ብዙውን ጊዜ 201 የሚባለው ደረጃ ነው፤ ውጭ ሲውል ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ለውጭ የሚሆነው 304 ነው። ማግኔት አስጠግቶ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም እምብዛም አይሳቡም። ሻጩ ደረጃውን በደረሰኝ ላይ ይጻፍልዎ። ተራ ብረት የተቆረጠበት ግራይንደር ስቴንለሱን ከነካው ደግሞ የብረቱ ብናኝ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። ይህን የሚጠነቀቅ በያጅ ካላገኙ ተጨማሪው ወጪ ከንቱ ነው።

አሁን ጣውላው። የአናጢውን ምክር አይቀበሉ። ገበያ ላይ የሚገኘው ባሕር ዛፍ አብዛኛው እርጥብ እያለ ነው የሚሸጠው። ወለል ላይ ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩን ይተፋል። የተቃጠለ ዘይት ከላይ ከላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ምስጥ አይከለክልም። ዝናብ ሲመታው ወደ አፈሩ ይወርዳል፣ አፈሩንም ይበክላል። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ይረግጡታል፣ የእናትዎ ነጠላም ይነካዋል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እሳት ነው። በኛ ቤት የውጭ መቀመጫ ማለት ቡና የሚፈላበት ቦታ ነው። ዘይት የተቀባ ጣውላ ላይ የከሰል ምድጃ ማስቀመጥ ፈጽሞ የማይታሰብ ነገር ነው።

ፎቶ ላይ የሚያዩት ዴክ የሚሠራው በግፊት መድኃኒት ከገባበት ወይም በተፈጥሮው ከማይበሰብስ እንጨት ነው። ያም ሆኖ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታጠባል፣ ይቀባል። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የበጋ ፀሐይ ይከተላል። እንጨት አራት ወር እየራሰ ስምንት ወር መጠበስ አይችልም። በበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማም ጣውላ ላይ እርጥበት አፍኖ ይይዛል። የሐበሻ ጥድና ወይራ ምስጥን የሚቋቋሙ እንጨቶች ናቸው፣ እውነት ነው። ነገር ግን በአካባቢያችን የቀረው ጥድና ወይራ በብዛት ያለው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከየት እንደተቆረጠ ሻጩ በወረቀት ማስረዳት ካልቻለ አይግዙ። ከፕላስቲክና ከእንጨት ዱቄት የሚሠራው ሰሌዳስ? ምስጥ አይበላውም። ግን ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል፣ ፍም ሲወድቅበትም ይቀልጣል።

እንጨት ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያዋን የከበባት በረንዳ አላት፤ እንጨቷን የሚጠብቀው ከላይ የተዘረጋው ሰፊ ክዳን ነው። እርስዎም እንጨቱን ከጣሪያ ሥር ያውሉት። ለኮርኒስ፣ ለአግዳሚ ወንበር፣ ለመደገፊያው የላይኛው እጀታ ዋንዛ በጣም ያምራል፣ እጅም አያቃጥልም። ወለሉን ግን ለድንጋይና ለኮንክሪት ይተዉት።

ቀጥሎ ስፋቱ። 4 በ6 ሜትር ሙሉውን በ1 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ መሥራት አልመክርም። ዙሪያውን ረጅም መደገፊያ ይፈልጋል፣ ብዙ ሙሌት ይበላል። ከዚያም በላይ አራት ሜትር ወደ ፊት የወጣ ወለል በጋ ላይ የቤቱ ጥላ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ለሁለት ይክፈሉት። ላይኛው ከሳሎኑ ወለል ጋር እኩል የሆነ 2 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር በረንዳ ይሁን። እናትዎ ደረጃ ሳይወርዱ ወጥተው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሁለተኛው ግቢው ላይ፣ መሬቱን ተከትሎ የሚነጠፍ ሰፊ መቀመጫ ይሁን። በዓል ሲመጣ ድንኳን የሚተከለውም እንግዳ የሚበዛውም እዚያ ነው። ከመሬት ያልተነሳ ወለል መደገፊያ አይፈልግም፣ ልጅም አይወድቅበትም።

የፊቱ አቅጣጫ ሰሜን መሆኑ ዕድለኛ አድርጎዎታል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች በበጋው ወራት የቀትር ፀሐይ ከደቡብ ነው የምትመጣው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 4 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ወደ ሰሜን 3 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። በረንዳዎ ያለ ምንም ወጪ ይጠለላል ማለት ነው። በመጋቢት ግን ያው ጥላ 1 ሜትር አይሞላም፤ ሙቀቱ የሚበረታውም ያኔ ነው። ስለዚህ ላይኛው በረንዳ ጣሪያ ያስፈልገዋል። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ደግሞ ከምዕራብ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ጣሪያ አይመልሳትም። በምዕራቡ ጎን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መከለያ ያድርጉ። ለዚህ ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው ቀርከሃ ደህና ነው። መሬት እንዳይነካ ከፍ አድርገው ይሰሩት፤ ነቀዝ ሲጀምረው የሚቀየር ነገር መሆኑንም ቀድመው ይወቁት።

ከመሠረቱ በፊት አፈሩን ይዩ። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግቢዎ ግንቦት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ አፈርዎ ያ ነው። በቀጥታ እዚህ አፈር ላይ ምሰሶ ተክሎ በረንዳ ማቆም አደገኛ ነው፤ አንዱ ምሰሶ ሲነሳ አንዱ ይወርዳል፣ መደገፊያው ይጣመማል፣ ወለሉ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ተኩ፤ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በማሽን እየተጠቀጠቀ። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚወጣ የሚወስነው ቦታውን ያየ መሐንዲስ ነው። ሠራተኛው በግምት እንዲወስን አይተዉት። የግንባታ ፈቃዱንም በዚሁ አጋጣሚ ይጨርሱ።

የቤትዎ መሠረት እስከ ወለሉ ድረስ የድንጋይ ግንብ ከሆነ፣ ላይኛውን በረንዳ በሦስት ጎን በድንጋይ ገንብቶ በገረጋንቲ መሙላት ይቻላል። ግንቡ ከ50 ሳንቲ ሜትር ያልቀጠነ ይሁን። ከኋላው ጠጠር ይደረግ፣ ግንቡም ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይተዉ። አለበለዚያ ክረምት ላይ ሙሌቱ ውሃ ጠጥቶ ግንቡን ይገፋዋል። ሙሌቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ርጥበት የሚከለክል ንጣፍ ያስገቡ፤ የሳሎን ግድግዳ ቀለሙን የሚተፋው ይህ ሲዘለል ነው። የቤቱ መሠረት ብሎኬት ከሆነ ግን በምንም መንገድ ሙሌት አታስደግፉበት። ያኔ መፍትሔው በኮለን (በኮንክሪት ምሰሶ) ላይ የቆመ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ነው፤ ከሥሩ የሚቀረው ባዶ ቦታም ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ወባ ባለበት ከተማ በረንዳ ሥር ኩሬ ማቆር አይገባም። የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ሳሕንም እንዲሁ ነው።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ግንበኛው ሥራ ሳይጀምር ያሳይዎ። ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። በ2 ሜትር ተኩል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። ሊሾው ሳይፈስ በፊት ውሃ ልክ ይዘው ራስዎ ያረጋግጡ። በረንዳው በቤቱ ላይ እንዳይጣበቅ በመካከላቸው ክፍተት ተትቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋ። ሁለቱ በአንድ ልክ ስለማይንቀሳቀሱ ያለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። የጣሪያው ውሃም ቀላል አይደለም፤ 15 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 20 ሺህ ሊትር ያህል ያወርዳል። አሸንዳ ይደረግለት፣ ውሃው ወደ ታንከር ወይም ከመሠረቱ ርቆ ወደ አትክልቱ ይሂድ።

የወለሉ ልብስ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይሁን። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ጎልማሳም ይንሸራተታል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ባሉበት ቤት ደግሞ አይሞከርም። ሻካራ ፊት ያለው የተጠረበ ድንጋይ ወይም በጭረት የተጨረሰ ሊሾ ያድርጉ። ታችኛውን መቀመጫ በኮብልስቶን ያንጥፉት፤ ባሕር ዳር ባለሙያ አያጡም። ጥቁር አፈር ላይ አንዱ ጥግ ቢሰምጥ ድንጋዩን አንስቶ አስተካክሎ መመለስ ይቻላል፣ ኮንክሪት ግን ይሰነጠቃል። ለጥላ ዛፍ ከተከሉ ዋርካና ሾላ አጠገቡ አይሁኑ፤ ሥራቸው ግንብ ያነሳል።

አሁን ወደ መደገፊያው። መስታወትን ለምን እንደማልመርጥ ልንገርዎ። ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ይዘጋል፣ እዚያ የሚቀመጡት ግን ለነፋሱ ጭምር ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት የዝናብ ጭቃ፣ ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ ላዩ ላይ ይለጠፋል። በየሳምንቱ ካልተወለወለ ሐይቁን ሳይሆን ቆሻሻውን ነው የሚያዩት። ሐይቁ ዳር ወፍ ብዙ ነው፤ ጥርት ያለ መስታወት ደግሞ ወፍ አያየውም፣ ተላትሞ ይሞታል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ደኅንነቱም አለ። ቴምፐርድ የሚባለው ጠንካራ መስታወት ሲሰበር ወደ ትንንሽ ቁራጭ ተበትኖ ይወርዳል፤ ከዚያ ቦታው ክፍት ነው። ለመደገፊያ የሚሆነው ሁለት መስታወት በመካከሉ በፕላስቲክ የተጣበቀው ብቻ ነው፣ እሱም ውድ ነው። ቴምፐርድ አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ልኩ በ1 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት መጣል ነው።

እኔ የምመክረው ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን ብረቶች ያሉት መደገፊያ ነው። አግድም የተዘረጋ ብረት ለልጅ መሰላል ነው፣ በሁለት እርምጃ ላይ ይወጣሉ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ልክ ይህ ነው፣ የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ተብሎ የተወሰነ ነው። ከወለሉ በላይ ያለው የታች ክፍተትም እንዲሁ። ወለሉ ሲታጠብ ውሃውና ቆሻሻው በዚያ ያልፋል። ከፍታው ከ1 ሜትር ከ5 እስከ 1 ሜትር ከ10 ይሁን። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በግምት እዚያው ከፍታ ላይ ስለሚደርስ የላይኛው ብረት ወፍራም ከሆነ ሐይቁን ለሁለት ይከፍለዋል። ቀጭንና ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ያድርጉት፤ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ከዓይን ይጠፋል፣ ነጭ ግን ዓይን ይይዛል። በሞልድ የሚወጡት የኮንክሪት ዓምዶችስ ካሉኝ፣ ከባድ ናቸው፣ ክፍተታቸውም ብዙ ጊዜ ለሕፃን ሰፊ ነው።

በመደገፊያው እግር ጉዳይ ይጨክኑ። በያጁ ወለሉን ቀድዶ ቱቦላሬውን (ውስጡ ክፍት የሆነውን የብረት ቋሚ) በሊሾ ውስጥ ልቅበረው ይልዎታል። አይፍቀዱ። ውሃው በዙሪያው ይገባል፣ ብረቱ ዝጎ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። ይልቅ በግንቡ አናት ላይ የኮንክሪት ቢም ይሠራ። ኮንክሪቱ ሳይሞላ በፊት ፌሮ የተበየደበት ወፍራም ላሜራ በቢሙ የውጭ ጎን ይቀበር፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። የመደገፊያው ቋሚዎች በኋላ እዚያ ላይ በጎን ይበየዳሉ። ወለሉ አይበሳም፣ ውሃውም አይቋጠርም። ዋና ቋሚዎቹ ግድግዳቸው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይሁኑ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ። ገበያ ላይ የሚበዛው ስሱ ቱቦላሬ ለመስኮት ፍርግርግ እንጂ ሰው ለሚደገፍበት አይሆንም። በበዓል ቀን ስንት ሰው ባንድ ላይ እንደሚደገፍበት ያስቡ። ከላይ በጎን 90 ኪሎ ያህል ሲገፋ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ቱቦላሬው አናቱ በብየዳ ይዘጋ፤ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት፣ የገባ ውሃ እንዲወጣ።

ቀለሙ የሚጀምረው ከጽዳቱ ነው። መገጣጠሚያው ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ይበየድ፣ የብየዳው ቅርፊት ይራገፍ፣ ይሞረድ፣ ዘይቱ ይጠረግ። ከዚያ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ይቀባ፣ ሲደርቅ ይደገም፣ ከላዩ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም። አንድ ሌሊት ጤዛ ያደረበት ባዶ ብረት ዝገት ጀምሯል፤ እሱ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ከመረጡ ብየዳው ዚንኩን ስለሚያቃጥለው ቦታው ዚንክ ባለው ቀለም መሸፈን አለበት። ጭሱ መርዛም ነው፤ በያጁ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሥራ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መስከረም ላይ መገጣጠሚያዎቹን ይዩ፤ የተላጠ ካገኙ ትንሽ ሳለ ይቀቡት።

ወደ ታችኛው መቀመጫ የሚወርደው ደረጃ ስምንት ይሁን፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 30 ሳንቲ ሜትር መርገጫ። ሁሉም እኩል ይሁኑ፤ ሰው የሚጥለው አንዱ ከሌላው ሲለይ ነው። ሃንድሬሉ (የደረጃው የእጅ መያዣ) በሁለቱም ጎን ይሁን፣ ክብ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚጨብጠው። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደረጃ አልፎ 30 ሳንቲ ሜትር ይቀጥል። ጉልበት የሚያማቸው ሰው መጀመሪያ ይዘው ነው የሚረግጡት። ተዳፋት መንገድ እንዳያስቡ፤ ለ1 ሜትር ከ20 ከፍታ ከ14 ሜትር በላይ ርዝመት ይወስዳል፣ ከዚያ ያጠረው ደግሞ አደገኛ ነው። ለዚህ ነው ላይኛው በረንዳ ከሳሎኑ ጋር እኩል ይሁን ያልኩት። የበሩ ደፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ጣሪያውና የወለሉ ተዳፋት ውሃውን ይመልሱታል።

ገንዘብዎ ካልበቃ ከመሠረቱ፣ ከተዳፋቱና ከመደገፊያው እግር ምንም አይቀንሱ። ታችኛው መቀመጫ ለሌላ ዓመት ይቆይ፣ ኮርኒሱም ይቆይ፣ ድንጋዩም በሊሾ ይተካ። መብራት ሲያስገቡ ዝቅ ብሎ የሚበራ ቢጫ ያድርጉ፤ ነጩ ትንኝ ይሰበስባል። ቁፋሮውን ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ይጀምሩ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። የበያጁን የመጨረሻ ክፍያ ግን መደገፊያው ላይ ሁለት ጎልማሳ አብረው ተደግፈውበት እስኪያዩ ድረስ አይስጡ።